ግብረ ገብ በእቁብ ዕጣ፦ አጣብቂኝ ጥያቄን ለክፍል ማዘጋጀት

መስረቅና መዋሸት ነውር መሆኑን ተማሪው ከቤቱ ይዞት ይመጣል። የሚቸገረው ሁለት መልካም ነገሮች ሲጋጩበት ነው፤ ቃል መጠበቅና መራራት፣ እውነት መናገርና ወዳጅን መሸፈን። አጣብቂኝ ጥያቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በፍልስፍና ትምህርት ስመ ጥሩው ምሳሌ ፈላስፋዋ ፊሊፓ ፉት በ1967 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው ነው፦ ባቡር 5 ሠራተኞችን ሊገድል ነው፤ ነጂው ወደ ሌላው ሐዲድ ቢያዞረው ግን የሚሞተው 1 ነው። የሚያስተምሩት ጎንደር ላይ ከሆነ ግን በዚህ አይጀምሩ። ባቡር በሌለበት ከተማ ልጆቹ ስለ ሐዲዱ አሠራር ሲጠይቁ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ሁሉም የሚያውቀውን እቁብ ይውሰዱ፦

«20 አባላት ያሉት እቁብ አለ። እያንዳንዱ በየሳምንቱ 500 ብር ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለት 10,000 ብር ይወስዳል። ዳኛው ዕጣውን ሲገልጠው የአንድ ባለሱቅ ስም ሆነ። ከአባላቱ አንዷ ግን ልጇ ታሞባታል፤ ለሕክምናው ዛሬውኑ ይህን ያህል ብር ያስፈልጋታል። ወረቀቱን ያየው ዳኛው ብቻ ነው። የማንን ስም ይጥራ?»

ሁለት ጊዜ ያንብቡት፤ 2 ደቂቃ ይበቃል። ቀጥሎ 3 ደቂቃ ማንም ሳይናገር እያንዳንዱ መልሱንና አንድ ምክንያት ይጻፍ። ይህን ደረጃ መዝለል ትልቁ ስህተት ነው፤ ቀድሞ እጁን ያወጣው ልጅ የተናገረውን ሌላው ተከትሎ ይደግመዋል። ከዚያ በ5 በ5 ተከፋፍለው 10 ደቂቃ ይነጋገሩ።

«ባለሱቁን ይለምነው»፣ «አባላቱ ያዋጡላት» የሚሉ ይኖራሉ። አይገሥጿቸው፤ በኑሮ ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። ሐሳቡን ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጻፉና «ባለሱቁ እምቢ ቢል፣ መዋጮውም ባይሞላስ?» ብለው ወደ ጥያቄው ይመልሷቸው።

ቡድኖቹ ሲያቀርቡ የጎንደር ሊቃውንት የመጻሕፍት ትርጓሜ ያግዝዎታል። ሊቁ አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ በየፊናው እንደሚፈታው፣ ቡድኑም «አንድም ለባለሱቁ፣ ምክንያቱም…፤ አንድም ለእናትዮዋ፣ ምክንያቱም…» ብሎ ሁለቱንም ወገን ያቅርብ። ያልተስማማበትን መልስ በሚገባ ማስረዳት የቻለ ልጅ ብዙ ተምሯል።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ያሉት 15 ደቂቃዎች ናቸው። ከታሪኩ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ሁለት ነገር በአንዴ ከለወጡ መልሱን ያዞረው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ባለሱቁም ዕዳ የተቆለለበት ቢሆንስ? የታመመው የዳኛው የራሱ ልጅ ቢሆንስ? (ቀድሞ «ለእናትዮዋ» ያሉ ብዙዎች እዚህ ያመነታሉ፤ አድልዎ ምን እንደሆነ ትርጉሙ ሳይነገራቸው ይገባቸዋል።) ወረቀቱን ሌላ ሰው አይቶት ቢሆንስ? በዚህ ምክንያት ብቻ መልሱን የለወጠ ልጅ ፍርሃቱን እንጂ መርሁን አልነገረንም። በየለውጡ «መልሳችሁን ምን አዞረው?» ብለው ይጠይቁ።

የመርሆቹ ስም የሚመጣው አሁን ነው፤ 5 ደቂቃ። «ልጁ ይድናል» ያለው ውጤትን መዝኗል፤ የፈላስፎቹ የጄረሚ ቤንታምና የጆን ስቱዋርት ሚል መንገድ ነው። «የእቁብ ዳኛ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ እቁብ ይኖራል ወይ?» ያለችው ሳታውቀው የፈላስፋውን የካንትን ጥያቄ ጠይቃለች። «እንዲህ የለመደ ዳኛ ነገ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል?» የአርስቶትል ነው። ስሞቹን ቀድመው ካስተማሩ ልጆቹ ማሰቡን ትተው ስም ይሸመድዳሉ።

«ሁሉም እንደየሰዉ ነው» የሚል ካለ «ዳኛው ዕጣውን ለራሱ ቢወስድስ?» ይበሉት። «ፈጣሪ ያውቃል» ለሚለው «ሃይማኖትህ ለዳኛው ምን ያዝዘዋል?» ይበሉት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለ አደራ የሚለው አለው። ጦርነትን፣ መሣሪያንና ብሔርን የሚያነሳ ጥያቄ ግን አይምረጡ፤ እርስዎ «እንበልና» የሚሉት ነገር ከክፍሉ ለአንዱ ልጅ ትናንት የደረሰበት ሊሆን ይችላል።

«የእርስዎስ መልስ?» ማለታቸው አይቀርም። እስከ መጨረሻው ይቆዩ፤ ፊትዎንም ይጠብቁ፣ ልጆች ከመምህር ቅንድብ መልስ ያነባሉ።

በቀሩት 5 ደቂቃዎች ተማሪው ከመጀመሪያው ወረቀት ጀርባ መልሱን እንደገና ይጻፍ። ነጥብ ከሰጡ ከ10፦ 4 ለምክንያቱ፣ 4 ተቃራኒውን ሐሳብ በትክክል ለማስቀመጡ፣ 2 ከፊቱ ገጽ ምን እንደተለወጠ ወይም ለምን እንዳልተለወጠ ለማስረዳቱ። ለተመረጠው ስም ነጥብ የለውም።