ውል ስትጽፉ ቀኑንና ልኩን እንዲህ አስፍሩ

ደብረ ብርሃን ላይ ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ከመንዝም ከጣርማበርም የሚመጣ ሰው ቃሉ አጭር ነው፦ «ሁለት ጥማድ መሬት፣ አምስት ቁና ገብስ፣ እስከ ጥር መጨረሻ።» ሁሉም የተግባቡ ይመስላቸዋል፤ ጭቅጭቁ የሚመጣው ሲከፈል ነው።

ከቁናው ልጀምር። ገብስ የተበደሩ አንድ አባት በታኅሣሥ በራሳቸው ቁና ሰፍረው አመጡ። አበዳሪዋ እማማ ደግሞ የራሳቸውን ቁና አወጡ። ከአንዱ ወደ ሌላው ብንገለብጠው የእማማ ቁና አልሞላ አለ፤ ሁለት እፍኝ ያህል ጎደለ። በዚያ ላይ እሳቸው ሲያበድሩ ቆልለው ነበር፤ እኒህ ሲመልሱ አፉን በእጃቸው ጠርገው አስተካክለዋል። ሁለቱም አልዋሹም። «አምስት ቁና» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ እህሉ ሲሰጥ በሁለቱም ፊት በሚዛን አስመዝኑና ኪሎውን ጻፉ። ሚዛን ከሌለ በማን ቁና እንደተሰፈረ፣ ተቆልሎ ይሁን ተስተካክሎ፣ የእህሉም ዓይነት ይግባ፤ አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ገብስ እኩል አይመዝኑም። በቁናችን ማንም አይፈር። ኪሎ ራሱ እስከ ግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ድረስ ልኩ ፓሪስ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የፕላቲኒየምና ኢሪዲየም ብረት ነበር። ከቅጂዎቹ ጋር ሲመዘን ልዩነት እየታየ ስላስቸገረ ነው በተፈጥሮ ቋሚ ቁጥር የተተካው።

ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ ዳገትና ሜዳ፣ ዋልካና ቦዳ አፈር አንድ አይሆንም። በሜትር ለኩ፤ በአራቱም አቅጣጫ አዋሳኙን ጻፉ።

ወደ ቀኑ ስንመጣ፣ ወሩን በስሙ እንጂ በቁጥር አትጻፉ። 5/6 የካቲት 5 ይሁን ጥር 6፣ ወይስ የፈረንጅ ሰኔ፣ ማን ይፈርዳል? ከዓመቱ ቀጥሎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይግባ። ውጭ አገር ላለ ልጅ የሚላክ ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ፦ ከመስከረም 1 ጀምሮ በዓመቱ ላይ 7 ትደምራላችሁ፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8። ከስድስት ቀን ጳጉሜን በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ስምንቱ ከታኅሣሥ 22 ይጀምራል። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፦ ዓመቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 ስታካፍሉ 3 ከተረፈ ሉቃስ ነው። ለወር ኪራይ ደግሞ ጳጉሜን ይከፈልባት ወይስ አይከፈልባት በግልጽ ይጻፍ፤ ዝም ካላችኋት በየዓመቱ ታጣላለች።

ሰዓትን አትናቁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለሞባይሉ አዲስ ቀን ነው፤ ለአባወራው ገና ትናንት ነው፣ አልነጋማ። የመክፈያ ቀን ሲሆን «ጥር 30 ቀን፣ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» ብላችሁ ዝጉት።