ያበጠው የሳሎን ፓርኬ በመጨረሻ ተስተካከለ

አዲስ አበባ ምድር ቤት ለምትኖሩ ትጠቅማለች ብዬ ነው። ነሐሴ ላይ የሳሎናችን ፓርኬ መሀሉ እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ፣ ሲረግጡት ቋ ቋ ይላል። የመጣው ባለሙያ እንጨቱ ነው የማይረባው አለኝ፣ እኔም አምኜው ሌላ ልገዛ ነበር። አንዱን ነቅዬ ሳየው ግን ጀርባው ጠቁሯል፣ ይሸታል፣ ኮላውም እንደ ቆዳ ተልጦ መጣ። ለካ እርጥበቱ ከሊሾው ስር ነው!

ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት፣ በማግስቱ ስገልጠው ውስጡ ጠብ ጠብ ያለ ውሃ፣ ስሩም ሲሚንቶው ጠቁሯል። ከዛ ውጭ ወጥቼ ሳይ የጣራው አሸንዳ ውሃውን ግድግዳው ስር ነው የሚደፋው (ስንት ክረምት እያየሁት!)። እሱን በቱቦ አራቅኩት፣ ሳሎኑን ባዶ አድርጌ መስኮት እየከፈትኩ እስከ ታህሳስ ጠበቅኩ፣ ሚስቴ ምን እንዳለችኝ አልነግራችሁም። ላስቲኩን ድጋሚ ለሦስት ቀን አሽጌ ደረቅ ሲሆን ነው ስራ የጀመርነው።

መጀመሪያ ሊሾው ላይ ኢፖክሲ (እርጥበት እንዳይወጣ የሚያግድ ቅብ) ሁለት እጅ ተቀባ። የሚነጠፈው እንጨት የክፍሉን አየር እንዲለምድ እዛው ሳሎን ውስጥ ተፈትቶ አስር ቀን ሰነበተ። ፓርኬውን የሚያነጥፈው ልጅ "ጋሼ፣ ከግድግዳው ጋር ግጥም ላርገው" ሲለኝ እምቢ አልኩ፣ ዙሪያውን 1 ሳንቲም ክፍተት እንዲተው አደረግኩት፣ ምክንያቱም እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ መሄጃ ካጣ ወደ ላይ ነው የሚነሳው። ክፍተቱን ዞኮሎው (ግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚመታው ጠርዝ) ሸፈነው። ዘንድሮ ክረምቱ ሙሉ ዘነበ፣ ቋ የሚል ነገር የለም።