ፖርትሬት ማንሳት የተማርኩት ከግድግዳ ነው

ካሜራ በገዛሁ ሰሞን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አነሳ ነበር። ፎቶዎቹ ክፉ አይደሉም። ፊቱ ይታያል፣ ፎከሱ ዓይን ላይ ነው፣ ጀርባው ብዥ ብሏል። ግን ያ ብዥታ ባይኖር ከጉርድ ፎቶ አይለዩም። ጥፋቱን ሌንሱ ላይ ላከክሁና ሌላ ሌንስ ገዛሁ። ፎቶዎቹ ያው ሆነው ቁጭ አሉ።

አንድ ቀን የቀጠርኳት ሰው ሳትመጣ ቀረች። ብርሃኑ ደግሞ ከወትሮው ይልቅ ያማረ ነበር። ተናድጄ ፊት ለፊቴ የነበረውን ቀለሙ የተላላጠ ግድግዳ ማንሳት ጀመርኩ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ስለመጣች እያንዳንዱ የተገለበጠ የቀለም ቅርፊት ከስሩ ቀጭን ጥላ ጥሏል። አንዱ ቅርፊት በጫፉ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነፋስ ሲነካው ይርገበገባል፣ ጥላው አንዴ ይረዝማል አንዴ ያጥራል። እሱን ብቻ ሳነሳ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው፣ እስከዛ ቀን ካነሳኋቸው ፊቶች ሁሉ ያ ግድግዳ በለጠብኝ።

ለምን እንደበለጠ የገባኝ ቆይቶ ነው። ግድግዳ ሲሆን የማየው ያለውን ነው፤ ብርሃን፣ ጥላ፣ መስመር፣ ሸካራውንና ለስላሳውን። ሰው ሲሆን ግን "ፊት ነው" እላለሁ፣ ከዛ በኋላ አላይም። ስም ሰጥቼ አልፈዋለሁ። ስለዚህ ፖርትሬት፣ ማለትም የሰውን ፊት ማንሳት፣ መማር ለሚፈልግ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሰው አታንሱ።

ስሙን ማስረሳት

አብስትራክት፣ ማለትም የነገሩ ስም ጠፍቶ ቅርፁና ብርሃኑ ብቻ የቀረበት ፎቶ፣ ሲባል ብዙ ሰው ይፈራል። ልምምዱ ግን ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ ምረጡ። የተጨማደደ ፌስታል፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የበር እጀታ፣ ምንም ይሁን። ያንኑ ዕቃ 30 ጊዜ አንሱት። የመጀመሪያዎቹ አስር ፎቶዎች አይረቡም፣ የዕቃው ፎቶ ናቸው። 15 አካባቢ ስትደርሱ ይሰለቻችኋል። እዛ ጋ እንዳታቆሙ። የሚነሳው ነገር ሁሉ ያለቀ ሲመስላችሁ ነው እጀታው እጀታ መሆኑ ቀርቶ፣ በጨለማ ውስጥ የተዘረጋ አንድ ነጭ መስመር ሆኖ የሚታያችሁ።

ዕቃን የሚያሳብቁበት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ዙሪያው፣ መጠኑና ቀለሙ። ዙሪያው ከፍሬም እስኪወጣ ቅረቡ። መጠኑን የሚናገር ነገር፣ ለምሳሌ እጅ ወይም የጠረጴዛ ጠርዝ፣ አታስገቡ። ቀለሙ ካሳበቀ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ሦስቱንም ማጥፋት ግን ግዴታ አይደለም። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኤድዋርድ ዌስተን እ.ኤ.አ. በ1930 ያነሳው ቃሪያ ቃሪያ መሆኑ በደንብ ይታወቃል። እሱ ያደረገው ቃሪያውን ዘይት ስንቀዳ የምንጠቀምበት ዓይነት የቆርቆሮ ፈነል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ቆርቆሮው ብርሃኑን ከዙሪያው መለሰለት፣ የጀርባው ዓለም ጠፋ። አሁን ፎቶውን ስታዩት ስሙን እያወቃችሁም የጎበጠ ጀርባና የታጠፈ ክንድ ይታያችኋል።

እኔ ለጀማሪ የምመርጠው የውሃና የዘይት ልምምድን ነው፣ በስልክም ይሆናል። ግልጽ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን በሁለት የመጽሐፍ ቁልሎች መሃል እንደ ድልድይ አስቀምጡ። ከስሩ አንድ ስንዝር ተኩል ዝቅ ብሎ ባለ ቀለም ወረቀት ወይም ያሸበረቀ ጨርቅ ይነጠፍ። ሳህኑ ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ላይ ጥቂት ጠብታ ዘይት። መብራቱን ሳህኑ ላይ ሳይሆን ከስር ያለው ወረቀት ላይ አድርጉ፤ ከላይ ካበራችሁ ውሃው ላይ የምታነሱት አምፖሉን ነው። ከዛ በቀጥታ ከላይ ሆናችሁ የዘይቱን ክብ ጠርዝ ፎከስ አድርጉ። እያንዳንዱ ጠብታ እንደ ትንሽ ሌንስ የስሩን ቀለም አጣሞ ያሳያችኋል። ጠብታዎቹ ተሰብስበው አንድ ትልቅ ክብ ከሆኑባችሁ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና በጥርስ መፋቂያ እንጨት ነካ ነካ አድርጉ፣ ይበታተናሉ። ዘይቱ ቆሞ አይጠብቅም፣ ስለዚህ ሻተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ ከ1/200 ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል። እና ስልካችሁ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ፤ ይሄን የምለው ስለገባብኝ ነው።

ሌላው መንገድ ካሜራውን ራሱን ማንቀሳቀስ ነው። ብርሃኑ ደከም ሲል ሻተሩን 1/4 ወይም 1/2 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ትብነት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 16 አድርጉና ቀጥ ቀጥ ያሉ ዛፎች ፊት ቆማችሁ ካሜራውን ከላይ ወደ ታች ሳቡት። እንቅስቃሴውን ከመጫናችሁ በፊት ጀምሩ፣ ከዘጋ በኋላም ቀጥሉ፤ አለበለዚያ ጫፉ ላይ ድንግርግር ይላል። ከሃምሳ አንዱ ይሳካል። ከዛ በላይ ከተሳካላችሁ ደረጃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እያያችሁ ነው።

አሁን ሰው አምጡ

ስቱዲዮ አያስፈልግም። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት አንድ መስኮት ይበቃል። የክፍሉን መብራት አጥፉ፤ የአምፖል ቢጫና የመስኮት ሰማያዊ አንድ ፊት ላይ ከተገናኙ ኤዲት ስታደርጉ አይፋቱላችሁም። ሰውየውን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ መስኮቱ በጎኑ እንዲሆን አስቀምጡት። ካሜራውን ገና አታንሱ። ፊቱን ቀስ እያለ ወደ መስኮቱ፣ ከዛ ወደ እናንተ እንዲያዞር ጠይቁትና የአፍንጫውን ጥላ ብቻ ተከተሉ፣ ልክ እንደ ግድግዳው ቅርፊት። አንድ ቦታ ላይ የአፍንጫው ጥላ ከጉንጩ ጥላ ጋር ይገጥምና በጨለመው በኩል ከዓይኑ ስር ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ይቀራል። በሠዓሊው ስም የሬምብራንት ብርሃን የሚሉት ይሄን ነው። ካለፈ ሦስት ማዕዘኑ ይጠፋና ፊቱ ለሁለት ይከፈላል። የቱ እንደሚሻል ፊቱ ይነግራችኋል። ክብ ፊት መከፈሉን ይወዳል፣ ቀጭን ፊት ግን ሲከፈል የተራበ ይመስላል።

የጨለመው ጎን ገለጥ እንዲል ከፈለጋችሁ በዛ በኩል ነጭ ካርቶን አቁሙ። ይበልጥ እንዲጨልም ከፈለጋችሁ ጥቁር ጨርቅ አንጠልጥሉ። እኔ ጨርቁን እወዳለሁ። መስኮት ከሌላችሁና በአምፖል ከሆነ የምትሠሩት፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ እንደሚወርድ አስታውሱ። አምፖሉ ፊቱ አጠገብ ሲሆን ጀርባው በራሱ ጊዜ ይጨልማል፣ ጥቁር ባክግራውንድ መግዛት የለባችሁም።

ስለ ቆዳ ቀለም ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር አያውቅም። ያገኘውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። ጠቆር ያለ ፊት ፍሬሙን ሲሞላው "ጨልሟል" ብሎ ያነጣዋል፣ አመድ የነፉበት ያስመስለዋል። ያው ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም ደግሞ ተገላቢጦሽ ያጨልመዋል። ስለዚህ እናንተ ወስኑ። በስልክ ከሆነ ጉንጩ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ቆዩና ብርሃኑ እስኪስተካከል ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ጎትቱ። በካሜራ ከሆነ ለመጀመሪያው ኤክስፖዠሩን (የብርሃን ማስተካከያውን) ወደ −0.7 አውርዱ፣ ለሁለተኛው ወደ +1 ውጡ። ደግሞ ጥቁር ቆዳ ቅርፁን የሚናገረው በወዙ ነው። የጉንጭ አጥንት፣ የግንባር ጫፍ፣ የከንፈር ጠርዝ ሁሉ የሚታየው ወዙ ላይ ብርሃን ሲያርፍ ነው። ፓውደር ነፍታችሁ ካጠፋችሁት ፊቱን አጠፋችሁት።

ርቀት ላይ ደግሞ አትስነፉ። ከአንድ ሜትር በታች ከቀረባችሁ አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ይሸሻል። ይሄ የሌንስ ጥፋት አይደለም፣ የቆማችሁበት ቦታ ነው። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና ዙም አድርጉ፤ 85 ሚሊሜትር ሌንስ ለፖርትሬት የተወደደው ያን ያህል እንድትርቁ ስለሚያስገድዳችሁ ነው። አፐርቸር ከኤፍ 2.8 እስከ ኤፍ 4 ይበቃል። ኤፍ 1.4 ላይ አንደኛው ዓይን ጥርት ብሎ ሌላኛው ብዥ ይላል። ፎከሱ ለእናንተ የሚቀርበው ዓይን ላይ ይሁን።

አንድ ጊዜ ጡረታ የወጡ መምህር ሳነሳ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደ ሐውልት ተቀመጡብኝ። አገጫቸው ቀና፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ። ብርሃኑ ልክ ነው፣ ሰውየው ግን የሉም። ተስፋ ቆርጬ "ጨርሰናል ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። "በቃ?" አሉና ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ ትከሻቸው ወረደ። መነጽራቸውን አውልቀው በሁለት ጣታቸው የአፍንጫቸውን ድልድይ ማሸት ጀመሩ። ጣታቸውን ሲያነሱ መነጽሩ የረገጣቸው ሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች ታዩ፣ የመስኮቱ ብርሃን በአንደኛው ውስጥ ጥላ ጥሏል። ያኔ ነው የተጫንኩት። ሳሳያቸው ዝም ብለው አዩትና "ደክሞኛል እዚህ ላይ" አሉ። ላጥፋው ወይ ስላቸው፣ "ተወው፣ ደክሞኝ ነበራ" አሉኝ።

ከዛ ወዲህ "ጨርሰናል" የምለው ሳልጨርስ ነው። ማታለል ነው የሚል አይጠፋም፣ ትንሽ ነውም። ለዚህ ነው እንዲህ ያነሳሁትን ፎቶ ለባለቤቱ ሳላሳይና እሺ ሳልባል ለማንም የማላሳየው። "ፈገግ በሉ" ማለት ግን ጨርሶ ትቻለሁ። እጃቸውን ሥራ ስጡት፣ ስለሚያውቁት ነገር ጠይቋቸው፣ መልሱን ሲጨርሱ ያለችውን ዝምታ ጠብቁ።

ሁለቱን ማጋባት

እዚህ ከደረሳችሁ ፊትና አብስትራክት አንድ ፍሬም ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። በጣም የምወደው መንገድ ድርብ ፎቶ ነው። መጀመሪያ ሰውየውን ደማቅ መስኮት ወይም ሰማይ ፊት አቁማችሁ ጭንቅላቱ ጥቁር እስኪሆን አጨልማችሁ አንሱ፣ በጎን ቢሆን ይሻላል። ቀጥሎ የተላጠውን ግድግዳ አንሱ። ካሜራችሁ መደራረብ የሚችል ከሆነ እዛው፣ አለበለዚያ ኤዲቲንግ አፕ ላይ ስክሪን በሚለው አማራጭ አንዱን በሌላው ላይ ጫኑት። ነጩ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ግድግዳው ጥቁሩ ውስጥ ብቻ ይገባል። መደራረብ ካሰለቻችሁ የፊት መስታወት አለ። ፎቶ አንሺው አልቪን ላንግደን ኮበርን እ.ኤ.አ. 1917 አካባቢ ሦስት መስታወት በሦስት ማዕዘን አስሮ በመሃሉ አሻግሮ ያነሳ ነበር፤ ገጣሚውን ኤዝራ ፓውንድንም እንዲህ ሸራርፎ አንስቶታል። ሦስት ቀጫጭን መስታወት፣ ፊታቸው ወደ ውስጥ፣ በፕላስተር ጠምጥማችሁ ሌንሱ ፊት ያዙት። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፣ ተጠንቀቁ።

ብዥታ ከፈለጋችሁ ደግሞ በደንብ አብዙት። እንግሊዛዊቷ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1863 በ48 ዓመቷ ነው፤ ብዥ ባለው ፎከሷ ምክንያት የዘመኑ የፎቶግራፍ መጽሔቶች ወርደውባታል። ዛሬ የሚታወሱት ፎቶዎቿ ናቸው። ግን ትንሽ ብቻ ብዥ ያለ ፎቶ እጅ የተንቀጠቀጠበት ነው የሚመስለው። ሰውየው ጭንቅላቱን ሲያዞር በ1/8 ሰከንድ አንሱት፣ አስቦ የተሠራ መሆኑ በግልጽ ይታይ።

ኤዲት ላይ የምለው ብዙ የለኝም። ቆዳ አታለስልሱ። ፎቶውን ዘቅዝቃችሁ እዩት፤ ተዘቅዝቆም ቅርፁ የሚስብ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለፊትም ለግድግዳም ይሠራል። ባነሳችሁት ቀን አትምረጡ፣ ቢያንስ ሳምንት አቆዩት። ከ200 ሦስት ካስቀራችሁ ቸር ናችሁ።

አብስትራክቱን ለሰው ስታሳዩ "ምንድነው?" መባላችሁ አይቀርም። ቶሎ አትንገሩ። "ግድግዳ ነው" ካላችሁ "እህ" ብለው ያልፉታል። ያን የመጀመሪያ ግድግዳዬን አንዲት ትንሽ ልጅ አይታ "ይሄ ሰውዬ ለምንድነው የተኛው?" ብላኛለች። ፎቶውን አሁንም አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ፣ ሰውየውን ግን እስካሁን አላገኘሁትም።