ሰፈር ስትለቁ የምትመግቧቸውን ድመቶች ለማን፣ እንዴት ታስረክባላችሁ?

አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ ወይም ለገሃር አካባቢ በየጓሮው፣ በየቢሮው ግቢና በየሥጋ ቤቱ ጀርባ ያሉ ድመቶች ብዙዎቹ ቆመው የሚሄዱት አንድ ሰው ሳያቋርጥ ስለሚመግባቸው ነው። ያ ሰው ሲታመም፣ ሥራ ሲቀይር ወይም ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ እንደታየው ሰፈሩ ሲነሳ ነገሩ ባጭር ጊዜ ይበላሻል። ለሰው እጅ የማትሰጥ ድመት ከሶፋና ከቁም ሣጥን ጋር አትጫንም። የምታውቀው ቦታ ላይ ሰሃኗን ስትጠብቅ ትቆያለች፣ ከዚያ ወደ ቆሻሻ ገንዳውና ወደ አስፋልቱ ትወጣለች። ርክክቡ ቢያንስ ሁለት ወር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የመልቀቂያ ቀን ሳይቆረጥ፣ ጤናም ሳይጓደል ጀምሩት።

መጀመሪያ ቁጥሩን አቁሙ

ስድስት ድመት ልመግብ ብሎ የተረከበ ሰው በዓመቱ አሥራ አምስት ሲሆኑበት ይተዋል። በደግነቱ አትፍረዱ፤ ኪሱ አይችልም። ሴት ድመት ከአራትና ከአምስት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናው የሚቆየው ከ63 እስከ 65 ቀን ገደማ ነው። ድመቶች የሚራቡት የቀኑ ብርሃን ሲረዝም ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የቀን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ መውለዳቸው ወቅት አይጠብቅም። ስለዚህ ከማስረከባችሁ በፊት ሁሉንም አስመክኑ፣ ገንዘብ ካጠረ ሴቶቹን አስቀድሙ።

ለመያዝ የሽቦ ኬጅ ያስፈልጋል። ብየዳ ቤት ሲሠራላችሁ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የሽቦው ቀዳዳ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ሰፊ ከሆነ ድመቷ አፍንጫዋን እያስገባች ትላጠዋለች። ከፊት ለፊቱ ስትረግጠው የሚዘጋ በር፣ ከኋላ ደግሞ ወደ ላይ የሚሳብ ሁለተኛ በር ይኑረው። የኋላው በር ከሌለ ሐኪሙ ድመቷን ማውጣት ስለሚቸገር ሰው የሚነከሰው እዚያ ላይ ነው። ከመያዣው ቀን በፊት 24 ሰዓት ምግብ አንሱ፣ ውሃ አትከልክሉ፤ ከዚያ ዘይቱ ያልፈሰሰ ቱና ወይም ሰርዲን ከኬጁ ውስጠኛ ጫፍ ላይ አስቀምጡ። በሩ እንደተዘጋ ወዲያው በአንሶላ ሸፍኑት። ጨለማ ሲሆንባት ትረጋጋለች፣ ካልተሸፈነች ሽቦው ላይ ራሷን ታቆስላለች።

ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ቀጠሮ ስትይዙ ሦስት ነገር በግልጽ ጠይቁ። ስፌቱ ራሱ በሚሟሟ ክር እንዲሆን፤ ይህች ድመት ክር ለማስወጣት ዳግመኛ አትያዝምና። በማደንዘዣ ላይ እያለች የግራ ጆሮዋ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ እንዲቆረጥ፤ በኋላ የመከነችው ከሩቅ የምትለየው በዚህ ነው። በዚያው ቀንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንድታገኝ። ክትባቱ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ቀኑን መዝግቡ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሌሊት ችላ ይባላል። የደነዘዘ እንስሳ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ኬጁን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡ፤ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ላስቲክ በጎኑ አድርጉ። ወንዱን በማግስቱ፣ ሴቷን ከአንድ እስከ ሁለት ቀን አቆይታችሁ ከተያዘችበት ቦታ ላይ ልቀቁ። ጡቶቿ ወተት ያጋቱ ሴት ካጋጠመቻችሁ ግልገሎች የሆነ ቦታ ይጠብቋታል፤ በደንብ እንደነቃች በዚያው ቀን መመለስ አለባት።

ማን ይረከብ?

ድመት የሚወድ ሰው መፈለግ ይቀላል፣ ግን በየቀኑ እዚያ ቦታ የሚገኝ ሰው ይበልጣል። የግቢው ጥበቃ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ቤቷ እዚያው የሆነች እናት፣ የሥጋ ቤቱ ሠራተኛ። ጥበቃ ከሆነ ብዙ ጊዜ በፈረቃ ስለሚሠሩ ከሁለቱም ጋር ተስማሙ፤ ከአንዱ ጋር ብቻ ከሆነ ድመቶቹ አንድ ቀን በልተው አንድ ቀን ይጾማሉ። ከጥበቃው በፊት ደግሞ የግቢውን ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ አነጋግሩ። ሳይፈቀድለት የሚመግብ ጥበቃ የሥራ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ዕለት ያቆማል።

ልመናው ግልጽ ይሁን። «ጋሼ፣ ድመቶቹን አደራ» ማለት ሁሉም እሺ የሚለው፣ ማንም ምን እንደሆነ የማያውቀው ነገር ነው። ይልቅ «ጋሼ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በዚህ ጣሳ ሁለት ጊዜ ሞልተው እነዚህ ሦስት ሰሃኖች ላይ ያካፍሉልኝ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰሃኖቹን አንስተው ይጠቡልኝ» በሉ፣ ጣሳውንም በእጃቸው ስጡ። ለድካማቸው በየወሩ ቁርጥ ያለ ክፍያ ይኑር፣ ቀኑንም አታሳልፉ። የምግቡ ገንዘብ ግን በመጋቢው እጅ ባይገባ ጥሩ ነው፤ ለሥጋ ቤቱ ወይም ለሱቁ በቀጥታ በቴሌብር ክፈሉ። ሰው ሲቸግረው የድመት ብር መጀመሪያ የሚነካ ነው፣ ያንን ፈተና ሰው ላይ አለመጫን ደግሞ ለወዳጅነቱም ይበጃል።

ሁለተኛ ሰው የገንዘቡን ጉዳይ ይያዝ። አምስት ጎረቤቶች በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ፣ አንዱ ቢለቅ እንኳ ነገሩ አይፈርስም። ሦስተኛ ሰው፣ መኪና ወይም ባጃጅ ማግኘት የሚችል፣ የታመመች ድመት ወደ ክሊኒክ ለማድረስ ይስማማ። ሦስቱን ሥራ አንድ ሰው ላይ ከጫናችሁት የሸሻችሁትን ችግር መልሳችሁ ፈጠራችሁ ማለት ነው።

መዝገቡ

ባለሃምሳ ሉክ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዷ ድመት አንድ ገጽ ከታተመ ፎቶ ጋር። ስም ከማውጣት ይልቅ መልኳን ጻፉ፦ «ዳልቻ፣ ሴት፣ የመከነች፣ የኋላ ቀኝ እግሯ ጫፍ ነጭ። ጀነሬተሩ ሥር ትተኛለች። ሌሎቹ በልተው ሲጨርሱ ነው የምትመጣው፣ ስለዚህ አንድ ሰሃን ከቱቦው ጎን ለብቻው ይቀመጥላት። ክትባት ጥር 2017።» እንዲህ ያለ ገጽ ካለ አዲሱ ሰው ዳልቻዋ በሁለተኛው ቀን ባትመጣ አይደነግጥም፣ በአምስተኛው ቀን ባትመጣ ግን ይፈልጋታል። በመጨረሻው ገጽ የሐኪሙ ስልክ፣ የተከፈለ ሒሳብና ኬጁ የሚቀመጥበት ቦታ ይኑር።

ምግቡ

የሥጋ ቤት ሳንባ ሰው ስለማይፈልገው ርካሽ ነው፣ ልብ ሲቀላቀልበት ጥሩ ምግብ ይሆናል። ድመት ያለ ታውሪን አትኖርም፤ ይህ ንጥረ ነገር ሲጎድል ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። ልብ ውስጥ በብዛት አለ፣ እንጀራና ዳቦ ውስጥ የለም። ሲቀቀል ወደ ውሃው ስለሚወጣ ሾርባውን አትድፉት፣ አብራችሁ ስጡ። ሌላ ምግብ ለማታገኝ ትልቅ ድመት በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም የተቀቀለ ይበቃል፤ ለአሥር ድመት ሁለት ኪሎ አትሻገሩ። ሩዝ ብትጨምሩ ከሩብ አይብለጥ። ጉበት በሳምንት አንዴ ብቻ፣ ቫይታሚን ኤ ሲበዛባቸው አጥንታቸውን ይጎዳል። ደረቅ የድመት ምግብ ከሆነ ለአንዷ ከ50 እስከ 60 ግራም ነው። የውሻው አይተካም።

ሳንባውን ስትቆርጡ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ አታፈንዱት፣ ለውሻም አትጣሉት። ወደ ውሻ ገብቶ ወደ ሰው የሚመለስ የትል እጭ ነው፤ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፣ የቀረውን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቀቅሉ።

የወጥ ትርፍ ለድመት ምግብ አይደለም። ሽንኩርት ደሟን ያበላሻል፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፤ የበዓል ማግስት ጎረቤት በደግነት የሚያመጣው ይኸው ስለሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ወተትም ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ውሃ ይሻላቸዋል፣ ከባድ ሸክላ ውስጥ፣ ከምግቡ ትንሽ ራቅ ብሎ።

አዲስ አበባ ላይ ያለ የድመት ርክክብ የሚፈርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ከምግብ ቤቶች የሚጣለው ሁሉ የጾም ይሆናል፣ በደብተራችሁ ያልተመዘገቡ የሩቅ ድመቶችም ተርበው ወደ ሰሃናችሁ ይመጣሉ። በፍልሰታም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ከተረካቢው ጋር በጽሑፍ ያዙ። በቅበላ ሰሞን ሥጋ ቤቱ ሥራ ስለሚበዛበት ትርፉም ይበዛል፤ ያኔ ቀቅላችሁ በየቀኑ መጠን በላስቲክ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። መብራት ጠፍቶ የቀለጠውን መልሳችሁ አታብርዱ፣ በዚያው ቀን ይበላ። ሙስሊም ሥጋ ቤቶች በጾሙም ክፍት ናቸው። ዓሣ ቤቶች ደግሞ በጾም ሥራቸው ስለሚደራ ጭንቅላትና ቁርጥራጭ ይገኛል፤ ቀቅላችሁ እሾሁን ለቅማችሁ ከእንቁላል ጋር ስጡ። ዓሣ ብቻ ሁለት ወር ሙሉ መስጠት ግን አይበጅም።

መጋቢው ራሱ ጾመኛ መሆኑን አትርሱ። በቤቱ ድስት ሥጋ ቀቅል ማለት ነውር ነው። የድመቶቹ ድስት፣ ማንኪያና ቢላ ለብቻ ይገዛ፣ ለጾሙ ወራት ደግሞ የተቀቀለና የተመዘነ፣ ገልብጦ ብቻ የሚሰጠው ምግብ ይቅረብለት።

አራቱ ሳምንታት

በመጀመሪያው ሳምንት አብራችሁ መግቡ፤ ሰሃኑን የምታስቀምጡት እናንተ፣ ተረካቢው አጠገብ ቆሞ። በሁለተኛው እሱ ያስቀምጥ፣ እናንተ አሥር ሜትር ራቁ። በሦስተኛው አንድ ቀን እያለፋችሁ ቅሩ። በአራተኛው አትሂዱ፣ በስልክ ብቻ ጠይቁ። ሰሃኑን በማንኪያ መምታት ወይም ሌላ የለመዱት ድምፅ ካለ እሱንም አስተምሩት፣ ሰዓቱንም አትቀይሩ። በዚህ ካልተኬደ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ ድመቶቹ አዲሱን ሰው ፈርተው ይደበቃሉ፣ ምግቡ ያድራል፣ አይጥና ውሻ ይለምደዋል፣ ሰውየውም «ድመቶቹኮ ሄደዋል» ብሎ ያቆማል። ማታ ምግብ አይደር። ቀበናና ግንፍሌ ወንዞች ዳር ላሉ ግቢዎች ይህ ከሁሉ የከበደ ሕግ ነው።

ጎረቤት የሚያማርረው በሽታና ሽታ ላይ ነው። ከአጥሩ ጥግ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን አሸዋ አፍሱላቸው፣ በሁለት ቀን አንዴ ይዛቅ። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ አትንካ፤ በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ለክረምቱ ከመሬት በብሎኬት ከፍ ያለ ሣጥን፣ በሩ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ውስጡ ጭድ። ብርድ ልብስ አታንጥፉ፣ እርጥበት ይይዛል።

ሰፈሩ የሚፈርስ ከሆነ

ቁፋሮው ሳይጀመር ወደ ተስማማችሁበት ግቢ ሰሃኑን በየቀኑ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር አስጠጉት። ወደ ኋላ ካሉ ሁለት ቀን ቆዩ። ሰፊ አስፋልት መሻገር ካለባቸው ይህን ዘዴ አትሞክሩ። ያኔ በኬጅ ይዞ ማጓጓዝ ብቻ ይቀራል፤ አዲሱ ቦታ ላይ መደበቂያ፣ ምግብና አሸዋ ባለው ዝግ ክፍል ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይቆዩ። ቀድሞ የተለቀቀች ድመት የቀድሞ ሰፈሯን ፍለጋ ትጠፋለች። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ኮርኒሱን ፈትሹ፤ ግልገሎች የሚደበቁት እዚያ ነው፣ ድምፅ ሲሰሙ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባሉ እንጂ አይወጡም።

ለተረካቢው በቃልም በጽሑፍም የሚነገር

ለታመመች ድመት ፓራሲታሞል አትስጡ፣ ይገድላታል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒትም እንዲሁ። ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ድመቷ የተከተበች ብትሆንም። ለአይጥ ወይም ለውሻ መርዝ ሊቀመጥ ነው ከተባለ ጠዋቱን ቀድማችሁ በደንብ አብሏቸው፣ መርዙ የሚቀመጥበትን ቦታና ሰዓት ከሚያስቀምጠው ሰው ጠይቁ።

ከለቀቃችሁ በኋላ በየእሑዱ አንድ ፎቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ፣ ሰሃኑ ላይ ያሉት ከነቁጥራቸው። ጆሮዋ ያልተቆረጠ አዲስ ድመት ፎቶው ላይ ካያችሁ ያንኑ ሳምንት ኬጁን ላኩ።