ለፕሮግረሲቭ ሮክ እንግዳ የመጀመሪያውን ዘፈን እንዴት እንምረጥ?

ከዓመታት በፊት የባለቤቴን ወንድም ፕሮግረሲቭ ሮክ ላስለምደው ብዬ ያቀረብኩለት «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» ነበር። የስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1972 ያወጣው፣ የአንድ ሸክላ ሙሉ ገጽ የሚይዝ፣ ወደ 19 ደቂቃ የሚጠጋ ዘፈን ነው። በወፎች ጫጫታና በወራጅ ውኃ ድምፅ ይጀምራል፤ ከዚያ ጊታሩ፣ ቤዙና ድራሙ የተጣሉ ይመስል በየፊናቸው ይሮጣሉ፤ ግጥሙ እስኪገባ አራት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። እንግዳዬ ስኒውን አስቀምጦ «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ጨዋ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ግን ቤታችን ሲመጣ ማጫወቻውን በጥርጣሬ ነበር የሚያየው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እኔ የምወደውን አቀረብኩለት እንጂ እሱ የሚወደውን አልጠየቅሁትም። በዚህ ሙዚቃ ፍቅር የተያዝን ሰዎች ሁላችንም ይህ አመል አለብን። «ታላቅ» የምንለውን ሥራ መጀመሪያ እናወጣለን፤ ታላቁ ሥራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ረጅሙና አስቸጋሪው ነው። ከታች ያለው አካሄድ ከዚያ ስሕተት በኋላ የተማርኩት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሙዚቃው ራሱ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር የሮክ ተጫዋቾች የሦስት ደቂቃ ዘፈን ጠበባቸውና ከክላሲካል፣ ከጃዝና ከአገራቸው ባህላዊ ዜማ እየቀዱ ረጃጅም ሥራዎችን መሥራት ጀመሩ። ኪንግ ክሪምሰን የተባለው ባንድ በ1969 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ ይቆጠራል። ለእንግዳችሁ ከዚህ በላይ ታሪክ አትንገሩት።

1. አሁን የሚያደምጠውን ጠይቁ

«ምን ዓይነት ሙዚቃ ትወዳለህ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሰው ሁሉ «ጥሩ የሆነውን» ብሎ ይመልሳል። ይልቅ ሰሞኑን ደጋግሞ የሰማቸውን ሦስት ዘፈኖች ይንገራችሁ። ጆሮው ዜማ፣ ምት፣ የዘፋኝ ድምፅ ወይም የመሣሪያ ጨዋታ የሚከተል መሆኑ ከሦስቱ ይታወቃል። በሩን የምትመርጡት በዚያ ነው።

ዜማና ትካዜ የሚወድ ከሆነ የፒንክ ፍሎይድ «ዊሽ ዩ ወር ሂር» አለ፤ 1975። ጊታሩ መጀመሪያ ከሩቅ ሬዲዮ የሚመጣ ያህል ቀጥኖ ይሰማል፤ ከዚያ ሌላ ጊታር እዚሁ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንደሚጫወተው ቀርቦ ያጅበዋል። አምስት ደቂቃ ያህል ነው። በዚህ ዘፈን የተቀየመ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ጃዝ የሚወድ ሰው፣ ለምሳሌ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች እየሰማ ያደገ፣ ያለ ዘፋኝ ለብዙ ደቂቃ መቀመጥን ያውቅበታል። ለእሱ የኪንግ ክሪምሰንን «ትዌንቲ ፈርስት ሴንቸሪ ስኪዞይድ ማን» መድፈር ይቻላል። የዘፋኙ ድምፅ ሆን ተብሎ ስለተበላሸ መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ መካከሉ ላይ ግን ሳክስፎኑ፣ ጊታሩና ድራሙ በአንድ ትንፋሽ እየሮጡ በአንድ ቅጽበት ቀጥ የሚሉበት ቦታ አለ። የጃዝ ጆሮ እዚያ ላይ ፈገግ ይላል። ለሌላ ሰው ግን ይህን ዘፈን አታስቀድሙ።

ዋሽንት የሚወድ ካለ ጄትሮ ተል ወደተባለው ባንድ ውሰዱት። የባንዱ መሪ ኢያን አንደርሰን ፍሉቱን የሚነፋው እያጉረመረመና ትንፋሹን እያሰማ ነው፤ መድረክ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ በመጫወትም ይታወቃል። ከ1971ዱ «አኳላንግ» አልበም «ሎኮሞቲቭ ብሬዝ» ይበቃል። ከባድ ሮክ ለለመደ ደግሞ የካናዳዎቹ የራሽ «ቶም ሶየር» አለ፤ 1981፣ አራት ደቂቃ ተኩል።

የፊል ኮሊንስን የፍቅር ዘፈኖች የሚያንጎራጉር ሰውም አይጠፋም። ይህ ሰው ሳያውቀው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ኮሊንስ የጄነሲስ ድራም መቺ ነበር፤ ዋናው ዘፋኝ ፒተር ጋብርኤል በ1975 ባንዱን ሲለቅ ነው ማይክሮፎኑን የተረከበው። ጋብርኤልም ስለዚያ መለየት «ሶልስበሪ ሂል»ን ዘፈነ፤ 1977። ቀላል፣ ብሩህ፣ አራት ደቂቃ ያህል። ግን ምቱን እንደ ተለመደው ሮክ በአራት በአራት ልቁጠር ያለ ሰው አይገጥምለትም።

2. በአጭር ጀምሩ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች እያንዳንዳቸው ከስምንት ደቂቃ አይለፉ። ርዝመት መጨረሻ ላይ የሚጨመር ነገር ነው፤ እንደ መከለሻ።

3. ምቱን በጠረጴዛ ላይ አሳዩት

አንድ ጊዜ ዝም ብሎ ከሰማ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ፈጽሞ አይደለም፣ አንድ ነገር ብታሳዩት ጆሮው ይከፈታል። ለዚህ ከፒንክ ፍሎይድ «መኒ» የተሻለ አላገኘሁም። «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» ከተባለው የ1973 አልበም ነው። መግቢያው ላይ የሳንቲም መንኳኳት፣ የወረቀት መቀደድና የሱቅ ሂሳብ መመዝገቢያ ማሽን ድምፅ እየተፈራረቁ ይሰማሉ። ይህ ዝም ብሎ የተበተነ ጫጫታ አይደለም፤ የቴፕ ቁራጮች በእኩል ርዝመት ተቆርጠው፣ ተቀጥለው፣ እንዲዞሩ የተደረጉ ናቸው። ጣታችሁን በጠረጴዛው ላይ እየመታችሁ አብራችሁ ቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፤ እንደገና አንድ። ቤዙም ሲገባ ይህንኑ ሰባት ይዞ ነው።

አሁን ጣታችሁን ሳታቆሙ ሳክስፎኑን ጠብቁ። ዲክ ፓሪ የሚነፋው በሰባቱ ላይ ነው፤ ትንሽ እንደሚያነክስ ሰው። ሳክስፎኑ ሲያበቃና የዴቪድ ጊልሞር ጊታር ሲገባ ግን ቁጥራችሁ ይበላሻል። ባንዱ ወደ አራት ተሻገረ! መንገዱ ድንገት አስፋልት ሆነ፣ መኪናው ፈጠነ። እንግዳው ይህን ያለ ማንም ማብራሪያ በጣቱ ካወቀ ሌክቸር አያስፈልገውም። እኛ ደግሞ ችክችካን በስድስት እየጨፈርን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሰውነታችን በአራት ብቻ የሚሄድ አይደለም።

4. ዜማ ሄዶ ሲመለስ እንዲያውቅ አድርጉ

ረጅም ዘፈን የሚያሰለቸው ርዝመቱ ራሱ አይደለም፤ አድማጩ የት እንዳለ ስለማያውቅ ነው። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው በርዝመት አይደናገጥም፤ ዜማው በዝግታ ተጀምሮ፣ ከበሮና ጸናጽል ታክሎበት፣ እየፈጠነ ወደ ጽፋት እንደሚደርስ ያውቃል። እንግዳችሁም እንዲህ ያለ ምልክት ያስፈልገዋል።

የጄነሲስ «ፈርዝ ኦቭ ፊፍዝ» ለዚህ የተሠራ ይመስላል። «ሴሊንግ ኢንግላንድ ባይ ዘ ፓውንድ» ከተባለው የ1973 አልበም ነው፤ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ያህል። ቶኒ ባንክስ አንድ ደቂቃ የሚሞላ ፒያኖ ይጫወታል፤ ዘፈኑ ይገባል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ ይልና ጋብርኤል በፍሉት አንዲት አጭር፣ ያዘነች ዜማ ይነፋል። እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «ይህችን ያዛት።» ከዚያ ዝም በሉ። የመግቢያው ፒያኖ ዜማ አሁን በኪቦርድ፣ ከሙሉ ባንዱ ጋር ይመለሳል፤ እንግዳችሁ ካወቀው ጥሩ፣ ካላወቀውም አትቆጡ። ቀጥሎ የስቲቭ ሃኬት ጊታር ይነሣል። የሚጫወተው ያችኑ የፍሉቷን ዜማ ነው፤ ግን አንዱን ድምፅ ይዞ እየጎተተ፣ እያለቀሰ፣ ከኋላው ባንዱ እንደ ባሕር እየሞላ። ዘጠኝ ደቂቃው ለምን እንዳስፈለገ የሚታወቀው እዚህ ነው። ፍሉቷን ዘሎ ጊታሩን ብቻ የሚሰማ ሰው ግማሹን አልሰማም።

5. የሚደመጥበትን ሁኔታ አስተካክሉ

በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሁን። በዚህ ሙዚቃ ቤዝ ጊታር አጃቢ ብቻ አይደለም፤ በየስ ሥራዎች ውስጥ የክሪስ ስኳየር ቤዝ ካልተሰማ ከዘፈኑ አንድ ሰው ጎድሏል። መካከለኛ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። አልበም ከሆነ ዘፈኖቹን የሚያደበላልቀውን ምርጫ አጥፉ፤ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» ላይ አንዱ ዘፈን ከሌላው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ማስታወቂያ መካከሉ ላይ ሲገባ ያማል። እናንተም እየሰማ ፊቱን አትዩት። እኔ አሁንም ይህን መተው አልቻልኩም።

ስለ ግጥሙ ከጠየቃችሁ እውነቱን ንገሩት። የስን በመሰሉ ባንዶች ዘንድ ቃላቱ ብዙ ጊዜ ለድምፃቸው የተመረጡ ናቸው፤ ሰምና ወርቅ ለመፍታት የለመደ አማርኛ ተናጋሪ ወርቁን ሲቆፍር ያመሻል።

6. እነዚህን ለጊዜው ሰውሩ

የስ በ1973 ያወጣው «ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ» ሁለት ሸክላ ነው፤ ያሉት ዘፈኖች አራት ብቻ። የጄትሮ ተል «ቲክ አዝ ኤ ብሪክ» ደግሞ ሁለቱንም የሸክላ ገጽ የሚይዝ አንድ ዘፈን ነው፤ እሱስ ቀልድ ስላለበት ቶሎ ሊወጣ ይችላል። ከኪንግ ክሪምሰን የመጀመሪያ አልበም «ሙንቻይልድ»ን ዝለሉለት፤ አብዛኛው ክፍሉ መሣሪያዎች በሹክሹክታ የሚነካኩበት ነው፣ እንግዳውም ማጫወቻው የተበላሸ ይመስለዋል።

7. ከዚያ ተዉት

በአንድ ቀን ሦስት ዘፈን ይበቃል። በማግስቱ ደውላችሁ «እንዴት ነበር?» አትበሉ። ራሱ ከጠየቀ ሙሉ አልበም ስጡት፤ ዜማ ወዳዱ «ዊሽ ዩ ወር ሂር»ን ሙሉውን፣ ቀረብ ያለ ዘመን ድምፅ የሚፈልግ ደግሞ የፖርኩፓይን ትሪን «ኢን አብሴንሺያ» ከ2002። ካልጠየቀ ቡና ጠጡና ስለ ሌላ ነገር አውሩ።

የባለቤቴ ወንድም ዛሬ የሃኬትን ጊታር በአፉ ያንጎራጉራል፤ ሳይሳሳት፣ ከፍሉቷ ጀምሮ። «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ»ን ግን እስከ ዛሬ «የወፎቹ» እያለ ነው የሚጠራው። ሲመጣ እንዳልከፍተውም ለእህቱ አስቀድሞ ይነግራታል።