ነዋሪውን ከወረፋ ወደ ኦንላይን እንዴት ማምጣት ይቻላል?

ከተማው ድረ ገጽ ከፈተ። ባነር ተሰቀለ፣ ሪባን ተቆረጠ። ሰዉ ግን አሁንም መስኮቱ ፊት ተሰልፏል። እዚህ ሥራ ውስጥ ነበርኩና ነገሩን አውቀዋለሁ። አብዛኛውን የተማርኩት አበላሽቼ ነው።

1. በአንድ አገልግሎት ጀምሩ

ሃያውን በአንዴ አትክፈቱ። ሰው በጣም የሚመላለስበትን አንዱን ምረጡ፤ ለምሳሌ የልደት ምስክር ወረቀት። የከንቲባው መልእክት ይቆይ፣ ማንም አያነበውም።

2. መጀመሪያ ፎርሙን አሳጥሩ

የወረቀቱን ፎርም እንዳለ ስክሪን ላይ መለጠፍ ዋጋ የለውም። መዝገባችሁ ውስጥ ያለውን ነገር ነዋሪውን ደግማችሁ አትጠይቁ። ኢስቶኒያ በ2001 እ.ኤ.አ. ኤክስ-ሮድ በተባለ ሥርዓት የመንግሥት መዝገቦችን እርስ በርስ ማገናኘት የጀመረችው አንዱ መሥሪያ ቤት የያዘውን ሌላው ከሰዉ እንዳይጠይቅ ነው። «አውርደው፣ አትመው፣ ፈርመው ያምጡ» የሚል ገጽ ደግሞ ወረፋውን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ማዛወር ነው።

አፕ እንሥራ የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። በዓመት አንዴ ለሚያጋጥም ጉዳይ ማን አፕ ይጭናል? በአሮጌ ስልክና በደካማ ኔትወርክ የሚከፈት ቀላል ገጽ ይበልጣል።

3. ኢንተርኔት የሌለውን አስቡ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አምስተርዳም ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. «ዲጂታል ከተማ» የተባለው የነዋሪዎች የኦንላይን መድረክ ሲጀመር ኮምፒውተር የሌለው ሰው እንዲገባበት ሕዝብ በሚመላለስባቸው ቦታዎች ኮምፒውተሮች ተቀምጠው ነበር። የጣሊያኗ የቦሎኛ ከተማ ማዘጋጃ ቤት በ1995 እ.ኤ.አ. ለነዋሪዎቹ ነፃ ኢንተርኔት መስጠት ጀመረ። እናንተም ከቤተ መጻሕፍት ጀምሩ። ሰዉ ቦታውን ያውቀዋል፣ ወንበርም አለ።

4. የእርዳታ ጠረጴዛ፣ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው

እኛ ምን አደረግን መሰላችሁ? ሰዉን ኦንላይን እንዲመዘገብ የምንረዳበት ጠረጴዛ ፊት ሰልፉ ሲረዝም ለመፍጠን ብለን ሁሉንም ራሳችን ሞላንላቸው። የስልኩን ቁጥር በቃሉ የማያውቅ ወይም ስልኩን ቤት የረሳ ሰው ሲመጣ አንዷ ባልደረባችን በራሷ ቁጥር ትመዘግበዋለች። ሲስተሙም አይከለክልም ነበር። ሪፖርታችን አማረ። ተመዝጋቢው በዛ፣ አለቆችም ተደሰቱ።

ዓመቱ ዞሮ እድሳት መጣ። የማረጋገጫው ኮድ የሚላከው ለባልደረባችን ስልክ ነው። እሷ ደግሞ ሥራ ለቃለች፣ ቁጥሯንም ቀይራለች። ሰዎቹ አካውንት አላቸው፣ መግባት ግን አይችሉም። አንድ በአንድ እየጠራን፣ ማንነታቸውን እያጣራን፣ እንደ አዲስ ስንመዘግብ ከረምን። አንድ አባት «ድሮስ በወረቀት ምን ሆንን?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ስለዚህ ማውሱ ባለጉዳዩ እጅ ይሁን። ረዳቱ ጎን ይቀመጥ፣ በጣቱ ያሳይ፣ ኪቦርዱን ግን አይንካ። በጣም ያዘግማል፣ ታገሡ። ኮዱ ባለጉዳዩ ስልክ ላይ ይምጣ፣ ራሱ አንብቦ ራሱ ይጻፈው። ስልኩን ካልያዘ ሌላ ቀን ይመለስ። ስልኩ የልጁ ከሆነ ደግሞ ልጁ አብሮ እንደሚኖር ጠይቁ፤ ነገ ሌላ አገር ሊሄድ ይችላል።

ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፎ ቤቱ ቢያስቀምጥ አልቃወምም። የደኅንነት ባለሙያዎች ይቆጡኝ ይሆናል። በረዳቱ ደብተር ላይ ከሚጻፍ ግን መቶ እጅ ይሻላል።

ከመሸኘታችሁ በፊት ከአካውንቱ እንዲወጣ አድርጉና ብቻውን እንደገና ይግባ። ብዙው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ እናንተ አጠገቡ እያላችሁ ይሰናከል።

5. መስኮቱን አትዝጉ፣ መልስ የሚሰጥ ሰው መድቡ

ዴንማርክ በ2014 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ደብዳቤ በዲጂታል ሣጥን እንዲላክ ግዴታ ስታደርግ እንኳ ለማይችሉ ሰዎች በወረቀት የመቀጠል መብት ትታለች። ኦንላይን የገባ ማመልከቻ ደግሞ መስኮት ላይ ከገባው ዘግይቶ ካለቀ ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን ያዳርሳል። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚከፈተው የኦንላይኑ ፋይል ይሁን።

ስትቆጥሩም ጎብኚ አትቁጠሩ። ስንት ሰው ጀመረ? ስንቱ ጨረሰ? የትኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ተወው? የእኛ ፎርም ላይ ብዙው ሰው የሚቀረው «ፎቶ ያያይዙ» የሚለው ጋ ነበር። ሲስተሙ በስልክ የተነሳ ፎቶን ትልቅ ነው ብሎ ይመልሰዋል፣ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ማስተካከሉ ግማሽ ቀን ፈጀ። ችግሩን ለማወቅ ግን ስምንት ወር ፈጅቶብናል።