ልጄ ስሜን አያውቅም ነበር

ደሴ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ኑሮዬ እሱው ነው። ጥቅምት 2014 ላይ ግን ጦርነቱ ደሴ ደርሶ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክ ማለት የእጅ ባትሪ እንደሆነ ተማርኩ። ለዚያውም ቻርጁ እስኪያልቅ።

ያን ሰሞን እንደ ሰዉ ሁሉ እኛም ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሁለት ልጅ እየጎተቱ ሲወርዱት ግን አያልቅም። በግርግሩ መሀል ትንሹ ልጄ ከእጄ አመለጠ። አምስት ዓመቱ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈለግነው። ለካ አንዲት ሻይ ሻጭ ይዛው ኖሯል። "የማን ልጅ ነህ?" ስትለው "የአባዬ" አላት። "አባትህ ማን ይባላል?" "አባዬ።" "ቤታችሁስ?" "እዚያ ጋ።" ምን ታድርግ? ሻይ ሰጥታ አጠገቧ አስቀመጠችው። አላህ ውለታዋን ይክፈላት።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ለክፉ ቀን ስታዘጋጁ ከስም ጀምሩ። የልጁን ስም እስከ አያት፣ የእናቱን ስም ከነአባቷ፣ ከተማውን፣ ሰፈሩን አስጠኑት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፋ ቤተሰብ ያፈላልጋል፤ ግን ለማፈላለግም ስም ያስፈልጋል። "እማዬ" የምትባል ሴት በየቤቱ አለች።

ስልክ ቁጥር ደግሞ በዜማ ነው የሚያዘው። አሥሩን ቁጥር ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ በጭብጨባ አስብሉት። የእኛዎቹ እጅ ሲታጠቡ ነው የሚሉት። ሁለት ቁጥር ይበቃል፤ አንዱ የወላጅ፣ ሌላው ርቆ የሚኖር ዘመድ። እኔ ሁለተኛውን አስበልጣለሁ። የአንድ አካባቢ መስመር ሲቋረጥ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። አዲስ አበባ ያለችው አክስት ግን ስልኳ ይሠራል። መስመር ያገኘ ሁሉ እሷ ጋ ይደውላል፣ እሷም ወሬውን ታቀባብላለች። እናንተም በቃላችሁ ያዙት። እኔ ያኔ በቃሌ የማውቀው የራሴን ቁጥር ብቻ ነበር። ስልክ ጠጋኙ!

መገናኛ ቦታ ስትመርጡ "ፒያሳ" አትበሉ፤ ፒያሳ ሰፊ ነው። የታወቀ በር ወይም ዛፍ ይሁን። የእኛ የመጀመሪያው የጎረቤታችን የሐጂ በር ነው፣ ሁለተኛው ከሰፈር ውጪ። ልጁ መንገድ ላይ ከጠፋ ግን አይዟዟር። ባለበት ይቁም፤ ልጅ የያዘች እናት ወይም ባለሱቅ ይጠይቅ።

ለክፉ ቀን ተዘጋጅቶ ስለሚቀመጠው ቦርሳ ብዙ አልልም። በሶ፣ ውሃ፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ የልደትና የክትባት ካርድ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ዝርዝር ብር፣ ጋቢ። ጋቢዋን እንዳትረሱ፤ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ።

ጦርነት ባለፈበት አገር ደግሞ ብረት አይነካም። ልጆች ለቆራሌው ይሸጣል ብለው ያነሳሉ። የእኛ ቤት ሕግ እንዲህ ነው፤ የማታውቀውን ብረት ስታይ ቁም፣ አትንካ፣ ድንጋይ አትወርውርበት፣ በመጣህበት ዱካ ተመለስ፣ ለትልቅ ሰው ተናገር። ተኩስ ሲሰማ ደግሞ ከመስኮት ርቆ ወለል ላይ መተኛት። እኛ ይህን እንደ ድብብቆሽ አድርገን ነው ያለማመድናቸው።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ተኩሱ ሲጀምር ትንሹ "ምንድን ነው?" አለኝ። "ርችት ነው፣ አብሽር" አልኩት። አመነኝ። ከወራት በኋላ የዘመድ ሠርግ ላይ የእውነት ርችት ተተኮሰ። ልጄ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። ሽንቱንም ለቀቀ። ለካ ያኔም ተኩስ እንደሆነ ገብቶት ነበር፤ የተበላሸው "ርችት" የሚለው ቃል ነው። የእኔም ቃል አብሮ። ከዚያ ወዲህ እውነቱን በትንሹ ነው የምነግረው፤ "ተኩስ ነው፤ ሩቅ ነው፤ አሁን የምናደርገው ይሄን ነው።" ሩቅ ካልሆነ ሩቅ ነው አልልም። ሌሊት አልጋ ላይ ሲሸና አልተቆጣነውም፤ አንሶላ ቀይረን እንተኛለን። ነገሩ ከወር በላይ ሲቆይ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። አያሳፍርም።

ሌላው ቡናችን ነው። እኛ ወሎዬዎች ወሬውን ከአቦል እስከ በረካ እናዘልቀዋለን። ማን ሞተ፣ የት ተቃጠለ። ልጅ ጥግ ላይ እጣኑን እያየ ሁሉንም ይለቅማል። አሁን እንዲህ ያለው ወሬ ሲነሳ ሐጂ ራሳቸው "ልጅ አለ" ብለው ያቋርጡናል።

ለልጁ ደግሞ ሥራ ስጡት። ትልቋ የሰነዱ ኃላፊ ናት፣ ትንሹ የባትሪው። በየወሩ አንድ እሑድ እንለማመዳለን። ባትሪውን ፈትሾ "ይሠራል!" ሲል የክፍል አለቃ ነው የሚመስለው።

የመጨረሻው የይለፍ ቃል ነው። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚወስድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቃሏን ካላወቀ አብሮት አይሄድም። የእኛን አልነግራችሁም። ባለፈው ለእህቴ መንገር ረስቼ ልጁን እንድትወስደው ላክኋት። "ቃሉን በይ" አላት። "የምን ቃል? አክስትህ አይደለሁም እንዴ!" ብትለው በሩን ይዞ ንቅንቅ አልልም አለ፤ እኔ እስክመጣ ድረስ። ይኸው እስካሁን እንዳኮረፈች ናት፤ ቅዳሜ ቡና ጠርተናታል።